ዝቃጭ ያማራት ኬሚስት

ነፍሰ ጡር ሆናችሁ የምታውቁ አምሮት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ያልሆናችሁም ጦሱ ደርሷችሁ ይሆናል። ጎረቤቴን ቃሪያ በስኳር አምሯት ግቢው ሁሉ ቃሪያ ሲለቅም ከርሟል። የአክስቴን ልጅ ደግሞ የአዲስ ጫማ ሽታ አምሯት፣ ባሏ ምንም ሳይገዛ ከጫማ ቤት ጫማ ቤት ሲያዞራት ባለ ሱቆቹ በስም ያውቋቸው ጀመር። የእኔን ስነግራችሁ አትሳቁ ብል ትስቃላችሁ፤ ስለዚህ ሳቁና ጨርሱ፣ ከዚያ እንቀጥላለን። እኔን ያማረኝ የክሮም ዝቃጭ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ያን ጊዜ አዲሱ ገበያ አካባቢ፣ ወንዝ ዳር ያለ አንድ ቅብ ቤት ውስጥ ነበር የምሠራው። ባለቤቱ ጋሽ ታደሰ ይባላሉ። የመኪና ፓራውልት፣ የአልጋ ብረት፣ የቧንቧ እጀታ፣ አንዳንዴም የቤተ ክርስቲያን መስቀል ይመጣል፤ ኒኬልና ክሮም ይለብስና እንደ መስታወት እያብረቀረቀ ይወጣል። የሚያብረቀርቀው ዕቃ ለባለቤቱ ይሄዳል፣ የታጠበበት ውሃ ለእኔ ይቀራል።

ውሃው ወደ እኔ ሲመጣ እንደ አብሽ ውሃ ቢጫ ነው። ቢጫው በውሃው ውስጥ የሟሟው ክሮም ነው፤ ኩላሊት አይል፣ ጉበት አይል፣ ያገኘውን ይበላል። መጀመሪያ አሲድና አፍንጫ የሚሰነፍጥ ነጭ ዱቄት እጨምርበትና ቢጫው ወደ አረንጓዴ ይዞራል። አረንጓዴ ሆነ ማለት ክፋቱ ቀነሰ ማለት ነው፣ ግን አሁንም እንደሟሟ ነው። ከዚያ ኖራ፤ ያው ግድግዳ የምንቀባበት ኖራ። ኖራው ሲገባ የሟሟው ብረት ሁሉ እንደ ወተት እየተቋጠረ ወደ ታች ይዘቅጣል። ካላናወጡት ከላይ ኩልል ያለ ውሃ፣ ከታች አረንጓዴ ጭቃ ይቀራል። ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ ግን ይሄን ሁሉ አልተርክም፤ "መርዙን ከውሃው አወጣዋለሁ" ነበር የምለው። አጭር ነው፣ ያምራል፣ ሰውም "ጎበዝ" ይላል።

ጭቃው ጓሮ ባለው ጠፍጣፋ የሲሚንቶ ገንዳ ላይ ተሰጥቶ ይጠነፍፍና በርሜል ውስጥ ይታሸጋል። ከገንዳው በላይ የራስ ቅል ሥዕል ያለበትን ማስጠንቀቂያ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። በዚያ ሰሞን ገንዳው ላይ ሁለት ክምር ነበር። አንዱ በወጉ የተሠራ ነው። ሌላው ነጩ ዱቄት መሀል ላይ አልቆብን ቢጫው ሙሉ በሙሉ ሳይዞር የቀረ ነው፤ እንደገና እስካክመው ብዬ ሸራ አልብሼ ለብቻው አስቀምጬዋለሁ። ይሄን ያዙልኝ፣ በኋላ ይፈለጋል።

እንግዲህ ኖራ ውሃ ላይ ሲያርፍ የሚወጣ ሽታ አለ። ደረቅ መሬት ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ሲል የሚሸተው ዓይነት። ስንት ጊዜ አሽትቼው ምንም ያላለኝ ሽታ፣ በእርግዝናዬ አምስተኛ ወር አንድ ቀን ተነስቶ ልቤን ስልብ አደረገው። ከራስ ቅሉ ሥዕል ሥር ቆሜ ምራቄን እየዋጥኩ ጭቃውን አያለሁ። በውስጡ ያለውን እያንዳንዱን ነገር በስሙ አውቀዋለሁ፣ ግን አምሮት ዲግሪ አይቶ አይመለስም። ጓንት አድርጌ፣ ጭምብል አድርጌ፣ አይቼው ብቻ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ እትዬ ዘነበች እንምጣ። የባለቤቴ የሚኪያስ እናት ናቸው። ከዊንጌት አለፍ ብሎ ባለው የድሮ ግቢያቸው እሳቸው በትልቁ ቤት፣ እኛ በሰርቪሱ እንኖራለን። እትዬ ሳይቀምሱ ለሰው የሚሰጡት ነገር የለም። ጠላ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ እንደሚቀምስ ታውቃላችሁ፤ መርዝ የለበትም፣ ካለበትም እኔ ልቅደም ማለት ነው። እትዬ ይህን ወግ ከጠላ አሳልፈው ለሁሉም አድርገውታል። የቧንቧ ውሃ ይቀምሳሉ። የታሸገ ለስላሳ ከፍተው ይቀምሳሉ። ሐኪም ያዘዘልኝን የደም ማነስ ክኒን እንኳ ጫፉን ነክሰው፣ "ብረት ብረት ይላል" ብለው ነው ያቀበሉኝ። እርጎ ብቻ አይቀምሱም፤ እርጎ ጭራሽ ቤታችን አይገባም። ሆዳቸውን የሚያውካቸው እየመሰለኝ ጠይቄያቸው አላውቅም።

ይሄ ሁለተኛ እርግዝናዬ ነበር። የመጀመሪያው ገና በሦስተኛ ወሩ ወርዷል። ከዚያ ወዲያ ስለ እሱ ቤታችን ውስጥ ማንም አንስቶ አያውቅም፣ እኔም ብሆን። አሁን ሆዴ መታየት ሲጀምር ሁላችንም እንቁላል የያዝን ይመስል በቀስታ ነበር የምንራመደው። እኔ ደረጃ ስወርድ ሚኪ ሁለት እጁን ዘርግቶ ከፊቴ ወደ ኋላው ይሄዳል፤ አንድ ቀን ራሱ ሊሰበር ነው እላለሁ።

አንድ ማታ ራት እየበላን አምሮቴን ለሚኪ ነገርኩት። ለቀልድ ነበር። ሚኪ ሳቁ አንቆት ውሃ ተሰጠው። እትዬ ግን አልሳቁም። የያዙትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሱት።

"ምንድን ነው ያማረሽ?" አሉኝ።

"ዝቃጩ ነዋ እትዬ። ያ ከውሃው ሥር የሚቀረው ጭቃ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከሰሞኑ። ይለቀኛል፣ ምንም አይደል።"

"ከውሃው መርዙን አወጣሁ ትዪ የለ?"

"አዎ፣ እሱማ ሥራዬ ነው።"

"ወጣ?"

"ይወጣል።"

"ወጣ ካልሽ ወጣ ነው" አሉና ጉርሻውን አነሱ። እኔም ደክሞኝ ስለነበር ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅሁም። ብጠይቅ ኖሮ ይሄን ጽሑፍ አታነቡም ነበር።

በማግስቱ የእርግዝና ክትትል ቀጠሮ ስለነበረኝ ሥራ አልገባሁም። ተመርምሬ፣ የልጁን የልብ ምት ሰምቼ፣ ደስ ብሎኝ ከሰዓት በኋላ ቤት ደረስኩ። እትዬ የበዓል ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው በር ላይ ይጠብቁኛል።

"እጅሽን ታጠቢና ቁጭ በይ" አሉኝ።

ታጥቤ ተቀመጥኩ። ትንሽዬ የሸክላ ሳህን በነጭ ናፕኪን ሸፍነው አመጡና ፊቴ አስቀመጡ። ናፕኪኑን ሲያነሱት ክው ብዬ ቀረሁ። እንደ ጥፍጥፍ አይብ በማንኪያ ጀርባ ተስተካክሎ፣ ዙሪያው በጣት ተጠርጎ፣ መሀሉ ላይ ማስዋቢያ ጉድጓድ ተደርጎለት፣ ዝቃጬ ተቀምጧል።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ያማረሽ ነዋ።"

"ከየት አመጡት?"

"ከታደሰ። መጀመሪያ እምቢ ብሎኝ ነበር። 'እትዬ፣ ፍሬሕይወት ብትሰማ አገር ለቅቄ ነው የምጠፋው፣ መርዝ ነው ብላ ሥዕል ሰቅላበታለች' አለኝ። 'እሺ፣ ጽንሱ አንድ ነገር ቢሆን አንተ ልትጠየቅበት ነው?' አልኩት። ሮጦ አካፋ አመጣ።"

"እትዬ፣ ይሄ አይበላም።"

"ብዪ ማን አለሽ? በጣትሽ ጫፍ ላስ አድርጊውና ይውጣልሽ።"

"መርዝ ነው እኮ የምልዎት።"

"መርዙን አወጣሁ ብለሽ አልነበር ትናንት?"

"ከውሃው ነዋ ያወጣሁት! ወጥቶ የገባው እዚህ ውስጥ ነው።"

እትዬ ሳህኑን አዩት፣ እኔን አዩኝ። ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ። ለካ እሳቸው የገባቸው እንደ ጸበል ቤቱ ነው፤ ወጣ የተባለ ነገር ጮሆ፣ ለቅቆ፣ ሄደ ማለት ነው። ኖራው ሲነካው መርዙ ብን ብሎ ጠፍቶ፣ ከታች የሚቀረው ኖራና አፈር ብቻ መስሏቸዋል። እኔ ደግሞ "ጎበዝ" ለመባል ስል የት እንደሚሄድ ተናግሬ አላውቅም።

"ታዲያ ወጣ ይባላል እንዴ?" አሉኝ ቀስ ብለው። "ተዛወረ ነው እንጂ የሚባለው።"

"እሺ፣ ተዛወረ። ይሁን። ዋናው እንኳን አልቀመስኩት።"

ነጠላቸውን ከትከሻቸው ሳብ አደረጉት። "እኔ ግን ቀምሼዋለሁ" አሉ።

መጠርጠር የነበረብኝ ገና ሳህኑን ሳየው ነበር፤ ያ መሀል ላይ ያለው ጉድጓድ ማስዋቢያ አልነበረም። "ምን ያህል?" ስላቸው "ያው እንደ ወጉ" አሉኝ። ወጉ ስንት ነው ብዬ ስጮህ መዳፋቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። ምላስዎን ያውጡ ብዬ ባየው ኖራው አቃጥሎት ነጥቷል። እያጉመጠመጥኳቸው ጭንቅላቴ ውስጥ የሚዞረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። እኔ ያን ሁሉ ኖራ ጨምሬ ያዘቀጥኩትን ብረት፣ የሰው ጨጓራ በራሱ አሲድ መልሶ ያሟሟዋል። በወራት የለፋሁበትን ሥራ የእትዬ ሆድ ወደ ኋላ እየሠራው ነው። አረንጓዴው ከሆነ ቢበዛ በምላስ ቁስል ሊያልፍ ይችላል። በሸራ የተሸፈነው ከሆነ ግን እሳቸውን ላጣቸው እችላለሁ።

ጋሽ ታደሰ ጋ ደወልኩ።

"ጋሼ፣ ለእትዬ የሰጧቸው ከየትኛው ክምር ነው?"

"እ... ማለቴ... ሰማሽ እንዴ? እኔ እኮ ለማሽተት ብቻ መስሎኝ..."

"ጋሼ፣ ከየትኛው?"

"ከሚያምረው።"

"የትኛው ነው የሚያምረው?"

"ፍሬ፣ እኔ እንጃ፣ አካፋው ያረፈበት ነው። ለነፍሰ ጡር የሚሄድ ነገር ነው ብዬ መረጥኩ። ከማያምረው ልስጥ ኖሯል?"

"ሸራ ነበረበት?"

"ሸራ... አንድ ሸራ መሬት ላይ ወድቆ አይቻለሁ። እኔ ልሁን ያነሳሁት ነፋስ ይሁን አላስታውስም። በቃ ደንግጬ ነበር።"

ስልኩን ዘጋሁት። የቀረውን ዝቃጭ ብቻውን በዓይን ማየት አይበቃም፤ እርጥብ ሳሉ ሁለቱም ይመሳሰላሉ። ግን አንድ ቀላል መንገድ አለ። ውሃ ጨምሮ መበጥበጥና እስኪረጋ መጠበቅ። በወጉ የተሠራው ይዘቅጥና ከላይ ጥርት ያለ ውሃ ይተዋል፤ ያልዞረው ክሮም ግን አይዘቅጥም፣ ውሃውን ቢጫ ያደርገዋል። የማር ጠርሙስ አጠብኩ፣ ጭቃውን ከተትኩ፣ ውሃ ሞላሁ፣ ክዳኑን ጥርቅም አድርጌ ነቀነቅሁት። ከዚያ እትዬን በአንድ እጄ፣ ጠርሙሱን በሌላ እጄ ይዤ ወጣሁ። በስልክ ታክሲ ባዝዝ ስልኩ "እየፈለግን ነው" እንዳለ ቀረ፤ ያገኘነው ሚኒባስ ውስጥ ገባን።

ሥራ ቦታ ብሆን ጠርሙሱን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ሻይ ጠጥቼ እመለሳለሁ። አሁን ግን ጠርሙሱ የተቀመጠው ሆዴ ላይ፣ ሆዴ የተቀመጠው ሚኒባስ ላይ፣ ሚኒባሱ ደግሞ ኮብልስቶን ላይ ነው። ገና ጫፉ ሊጠራ ሲል መኪናው ይዘልና ሁሉም ነገር እንደገና ይደፈርሳል።

"ሹፌር፣ ፍጠንልኝ፣ ሆስፒታል ነው የምንሄደው" አልኩ።

ፈጠነ። ጠርሙሱ ድፍርስርስ አለ።

"ሹፌር፣ ቀስ በልልኝ፣ እንዲረጋልኝ ነው።"

"እህቴ፣ ከሁለት አንዱን ምረጪ" አለኝ በመስታወቱ እያየኝ።

ከአጠገቤ ጃንጥላ የያዙ ሽማግሌ ነበሩ። ጠርሙሱን ሲያዩት ቆዩና "ምንድን ነው ይሄ ልጄ?" አሉ። እኔ መልሱን ከየት ልጀምር ብዬ ሳስብ እትዬ ቀደሙኝ። ምላሳቸው ስላበጠ እየተኮላተፉ፣

"አምሯት ነው" አሉ።

ታክሲው ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ "አሃ" አለ። ነገሩ ተብራራ፣ ተዘጋ። ከኋላ የተቀመጠች ሴትዮ ብቻ፣ "ታዲያ ይዛችሁ ከምታሳዩዋት ለምን አትሰጧትም?" አለች። ሽማግሌው "እውነት ነው፣ ይሄ ግፍ ነው" ብለው ክዳኑን ሊከፍቱልኝ እጃቸውን ዘረጉ። ከፊት ያለ አንድ ጎልማሳ ደግሞ ሹፌሩን፣ "አቁምላት፣ ትቅመስና እንሂድ" አለው።

"መርዝ ነው!" ብዬ ጮህኩ። "የፋብሪካ መርዝ ነው! እሳቸው ቀምሰውት ነው ሆስፒታል የምወስዳቸው!"

ሽማግሌው ጃንጥላቸውን በእኔና በእሳቸው መሀል አስገብተው ወደ መስኮቱ ተጠጉ። ከኋላ ያለችው ሴትዮ እትዬን ጎንበስ ብላ እያየች፣ "ምን አስቀመሰዎት እማማ?" ስትል ጠየቀች።

"ለምራቴ ልሰጥ ነዋ" አሉ እትዬ። "ሳልቀምስ ልሰጣት ኖሯል?"

ሴትዮዋ ከንፈሯን መጠጠችና "እሱስ ልክ ነዎት" አለች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙ ጊዜ አስታውሰዋለሁ። ማንም ሳያዘው ሹፌሩ ኮብልስቶኑን ትቶ በአስፋልቱ ዞረ። ሰው ውረድ የሚለው ጠፋ፤ መውረጃው ያለፈው ጎልማሳ እንኳ አልተናገረም። ሽማግሌው ጃንጥላቸውን አጥፈው ጠርሙሱን በሁለት እጃቸው ከታች ደገፉልኝ። ጉድጓድ ሲመጣ ሹፌሩ "ያዙ" ይላል፣ ሁላችንም ትንፋሻችንን ውጠን እንይዛለን። ያን ያህል ሰው የእኔን ሥራ በጥሞና ሲመለከት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ሆስፒታል ስንደርስ ተረኛዋ ሐኪም ወጣት ልጅ ነበረች። እትዬን አልጋ ላይ አስቀመጠቻቸውና ወደ እኔ ዞረች።

"ምን በልተው ነው?"

"ዝቃጭ። ከክሮም ቅብ ቤት የወጣ።"

"በስህተት?"

"አይ፣ አስበውበት ነው።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ራሳቸውን ለመጉዳት?"

"የለም፣ አምሮኝ ስለነበር።"

"አንቺን?"

"እኔን።"

"አንቺን አምሮሽ እሳቸው በሉ።"

"ቀመሱ ነው እንጂ አልበሉም።"

"አንቺስ በላሽ?"

"እኔማ ኬሚስት ነኝ፣ መርዝ መሆኑን አውቃለሁ።"

ጠርሙሱን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጬ ነገሩን አስረዳኋት። ብልህ ልጅ ናት፣ ገባት። እሷ የእትዬን የደም ግፊትና ልብ እያየች፣ ነርሷ ደም እየቀዳች፣ እኔ ጠርሙሱን እጠብቃለሁ። አንዱ ጠረጴዛውን ሊደገፍ ሲል "አትንኩት" እላለሁ። ቀስ በቀስ ብጥስጣሹ እየተያያዘ መውረድ ጀመረ። መጀመሪያ ከአፉ ሥር እንደ ክር የቀጠነ ንጹሕ ውሃ ታየ። ከዚያ ሰፋ። ከዚያ ግማሽ ደረሰ። የሐኪሟን ነጭ ጋዋን ጫፍ ሳላስፈቅድ ስቤ ከጠርሙሱ ጀርባ ያዝኩትና አጎንብሼ አየሁ። ነጩ ነጭ እንደሆነ ነው። ቢጫ የለም።

ጋዋኗን እንደያዝኩ አለቀስኩ። ሥራዬ ሠርቶ እንዲህ የተደሰትኩበት ቀን የለም፣ ይሄን ስል አላፍርም።

"ደስ ይላል" አለች ሐኪሟ ጋዋኗን ቀስ ብላ እያስለቀቀችኝ፤ "ግን በማር ጠርሙስ ብቻ አላሰናብታቸውም።" ባለሙያ ጋ ደውላ አማከረች፣ ደምና ሽንት አስመረመረች፣ እስኪመሽ ድረስ ይቆዩ አለች፣ ከዚያም ለክትትል ቀጠረቻቸው። ኩላሊታቸውም ጉበታቸውም ደህና ሆኖ ተገኘ። የምላሳቸው ቁስል ብቻ ሰንብቷል።

ሚኪ ከሥራ ሮጦ እስኪደርስ ድረስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። ተናድጃለሁ፣ ደክሞኛል፣ እወዳቸዋለሁም።

"እትዬ፣ መርዝ ቢሆንስ ብለው አላሰቡም?"

"ለእሱ አይደል እንዴ የሚቀመሰው?"

"ሥዕሉን አላዩም? የራስ ቅሉን?"

"አየሁት።" ወደ ግድግዳው ዞሩና፣ "ያኔ እርጎ አምሮሽ ነበር" አሉኝ።

"መቼ?"

"ያኔ ነዋ። የመጀመሪያው ጊዜ። ሁዳዴ ነበር። ከጎረቤት ልጅ እጅ አይተሽ 'እርጎ አማረኝ' ስትዪ፣ 'ለፋሲካ ትደርሺበታለሽ' አልኩሽ። ፋሲካ ሳይደርስ..." አልጨረሱትም። "ለአንድ ብርጭቆ እርጎ ብዬ ልጄን ልጅ አሳጣሁት። ዛሬ ደግሞ ጭቃ አማረኝ ስትዪ ጭቃ ነው ብዬ ልለፍሽ?"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እርጎውን አላስታውሰውም። ምናልባት እንደ ዋዛ ያልኩት ይሆናል፣ ምናልባትም ለማለት ያህል። እሳቸው ግን ከዚያ ቀን ጀምረው ተሸክመውት ኖረዋል፤ ቤታችን እርጎ ያልገባውም ሆዳቸውን ስለሚያውካቸው አልነበረም። እጃቸውን ይዤ ያኔ ሐኪሙ ያለኝን ነገርኳቸው። ብዙ እርግዝና መጀመሪያው ላይ እንደሚወርድ፣ የማንም ጥፋት እንዳልሆነ፣ ከእርጎም ከጾምም ጋር እንደማይገናኝ። በተማርኩት ሁሉ አስረዳኋቸው። ሰምተው ሲጨርሱ እጄን መታ መታ አደረጉና፣ "አንቺ ደግ ልጅ ነሽ" አሉኝ። አንዲት ቃል አላመኑኝም።

እናንተ ይሄን የምታነቡ፣ ከዚህ ምን ትምህርት አገኘሽ ብትሉኝ፣ አንደኛው የሥራ ነው። ከዚያ ወዲህ "መርዙን አወጣሁ" ብዬ አላውቅም። "ከውሃው ወደ ጭቃው አዛወርኩት፣ ጭቃው በርሜል ውስጥ ነው፣ በርሜሉ ተቆልፏል፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው" ነው የምለው። ሰው ይሰለቻል፣ ይሰልች። ከሥዕሉ ሥርም "ለማሽተትም ለመቅመስም አይሰጥም፣ ለነፍሰ ጡርም ቢሆን" ብዬ ጨምሬበታለሁ። ጋሽ ታደሰ ደንበኛ ይስቅብናል ብለው ቢከራከሩም አላወረድኩትም። ሁለተኛው የቤት ነው። እኛም ያቺን የመጀመሪያዋን ሐዘን ዝም ብለን አዝቅጠን፣ ከላይ ጠራልን ብለን ነበር የምንኖረው። ማንም ጠርሙሱን ነቅንቆ ያየ አልነበረም። አምሮቱስ ካላችሁኝ፣ ያን ዕለት ለቀቀኝ። ኖራ ሲሸተኝ እስከ ዛሬ የሚታየኝ የእትዬ ነጭ ምላስ ነው።

ልጄ በሰላም ተወለደች። ሴት ናት፣ ጤነኛ፣ ጩኸቷ አዲሱ ገበያ ድረስ ይሰማል። ቤት የገባን ዕለት እትዬ ገላዋን ላጥባት ብለው ተቀበሉኝና ከጥፍሯ እስከ ጠጉሯ ይመረምሯት ጀመር። ያማራትን ያጣች ነፍሰ ጡር የምትወልደው ልጅ ምልክት አያጣውም ይባላል፤ ምን እንደሚፈልጉ ገብቶኛል። ጀርባዋን ሲገለብጧት እጃቸው ቆመ።

ከወገቧ ዝቅ ብሎ፣ መዳፍ የማትሞላ፣ አረንጓዴም ሰማያዊም የምትመስል ነጠብጣብ አለች። አዋላጇ አይታው ነበር፤ ብዙ ሕፃናት ላይ እንዳለና እያደጉ ሲሄዱ እንደሚጠፋ ነግራኛለች። ቀለሙ ግን ምን ላድርግ፣ ቁርጥ የእኔ ዝቃጭ ነው።

"አልበላሽውም ነበር" አሉ እትዬ።

"አልበላሁትም።"

"አምሮሽ ተከልክለሻል።"

"ተከልክያለሁ።"

"ልጅቷ ግን ይኸው አለች።"

"ይኸው አለች እትዬ።"

እርጥቧን ልጅ በፎጣ ይዘው ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። "ምልክት ነው ለካ የሚያደርግባቸው" አሉ፣ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላውቅም። "ምልክት ነው እንጂ አይገድልም።" ከዚያ አለቀሱ። እሳቸው ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም ነበር፣ ያኔም ቢሆን፣ ሆስፒታልም።

ስለ ነጠብጣቧ የማውቀውን ሁሉ መናገር እችል ነበር። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ዋጥኩትና፣ "እርጎ ቢሆን ኖሮ እኮ እትዬ፣ ነጭ ምልክት ነበር የሚያደርገው" አልኳቸው።

"ነጭ" አሉ፣ እያሰቡበት። "አዎ። ነጭ ነበር የሚሆነው።"

በማግስቱ ጠዋት በሬን ከፍተው ገቡ። ፍስክ ነበር። በእጃቸው ብርጭቆ ሙሉ እርጎ ይዘዋል። አልጋዬ አጠገብ ቆመው ትንሽ መዳፋቸው ላይ ጠብ አደረጉ፣ ቀመሱት፣ ትንሽ ቆዩና ሰጡኝ።